እኩል ነው ወይስ አንድ ነው?
ዴሪቬቲቫቸውን ተሸክመው ስለሚጓዙ ቁጥሮች

የእኩልነት ምልክትን ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመ መጽሐፍ ላይ ያሰፈረው የዌልስ ተወላጅ የሆነው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሬኮርድ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1557 ነበር። «እኩል ነው» የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ መጻፍ ቢያታክተው ሁለት ትይዩ አግዳሚ መስመሮችን አንዱን ከሌላው በላይ አሰመረ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ከእነዚህ የበለጠ እኩል ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ነገሮች የሉም ሲል ጻፈ። ምልክቱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከአንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ጀምሮ እስከ ከፍተኛ የምርምር ጽሑፎች ድረስ ሲያገለግል ኖሯል፤ ስለ ትርጉሙ የሚጠራጠር ሰው ማግኘትም ያስቸግራል። ይሁን እንጂ አዲስ የቁጥር ዓይነት ፈጥረን ለኮምፒውተር ለማስተማር በተነሣን ቁጥር «ሁለት ነገሮች እኩል ናቸው ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከተኛበት ይነቃል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄው እጅግ ጎልቶ የሚታይበትን አንድ መስክ ነው። መስኩ አውቶማቲክ ዲፈረንሺዬሽን ይባላል፤ ኮምፒውተር የአንድን ፕሮግራም ውጤት ብቻ ሳይሆን የዚያን ውጤት ዴሪቬቲቭ ጭምር በራሱ እንዲያሰላ የሚያደርግ ጥበብ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መረቦች የሚሠለጥኑት በዚህ ዘዴ ነው። የሮቦት እጅ እንቅስቃሴ ሲቀመር፣ ከብዙ ፎቶግራፎች የአንድ ሕንፃ ሦስት ገጽታ ያለው ቅርጽ ሲገነባ፣ የኬሚካል ውህደት ፍጥነት ከሙከራ መረጃ ጋር ሲጣጣም ይኸው ዘዴ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች «እኩል» መሆን አለመሆናቸውን የሚወስን አንድ ትንሽ መስመር ስሕተት ከሆነ መልሱ ይበላሻል። የከፋው ደግሞ ሲበላሽ ድምፅ አለማሰማቱ ነው።

ተራ ቁጥሮችም ቢሆኑ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ተራው ቁጥር እንኳ በኮምፒውተር ውስጥ የዋህ አለመሆኑን እናስታውስ። በተለመደው የ64 ቢት አሠራር 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ከ0.3 ጋር እኩል ናቸው ወይ ብለን ብንጠይቅ ኮምፒውተሩ «አይደሉም» ይለናል። እነዚህ ቁጥሮች በሁለትዮሽ የአጻጻፍ ሥርዓት ማለቂያ የሌላቸው በመሆናቸው በስተመጨረሻቸው ይቆረጣሉና።

ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው ደረጃ ያመጣው ነገር ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ሁለት ዜሮዎች አሉ፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ። ሲነጻጸሩ እኩል ናቸው ይባላል። ነገር ግን 1ን ለመጀመሪያው ብናካፍል አዎንታዊ እልቆ ቢስ፣ ለሁለተኛው ብናካፍል አሉታዊ እልቆ ቢስ እናገኛለን። እንግዲህ «እኩል» የተባሉ ሁለት ነገሮች በአንድ ስሌት ውስጥ ሲገቡ የተለያየ ውጤት ሰጡ ማለት ነው። ይህን ነጥብ ልብ ብለን እንያዘው፤ ከዚህ በታች የምናየው ችግር ሁሉ ከዚሁ ዘር የበቀለ ነው።

ሁለት መኪናዎች በአንድ የኪሎ ሜትር ድንጋይ አጠገብ

ሁለት መኪናዎች በአንድ ቅጽበት በአንድ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ትይዩ ይገኛሉ እንበል። አንደኛው ጎማው ተንፍሶ ቆሟል፤ ሌላው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ፎቶግራፍ ብናነሣ ሥፍራቸው አንድ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብናይ ግን በመካከላቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት አለ። እኩል ነበሩ? መልሱ የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎት ነው፤ የት እንዳሉ ለጠየቀ አዎን፣ ወዴት እንደሚሄዱ ለጠየቀ በፍጹም።

አውቶማቲክ ዲፈረንሺዬሽን የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች ልክ እንደነዚህ መኪናዎች ሥፍራና ፍጥነትን በአንድነት የያዙ ናቸው። ሐሳቡ የሚመነጨው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ኪንግደን ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1873 ካስተዋወቃቸው ጥንድ ቁጥሮች ነው። አንድ ጥንድ ቁጥር ሀ + ለ·ቅ ተብሎ ይጻፋል። ሀ የቁጥሩ ዋጋ፣ ለ ደግሞ የለውጡ መጠን ነው፤ «ቅ» ቅንጣት የምንላት፣ ራሷ ዜሮ ያልሆነች፣ በራሷ ስትባዛ ግን ዜሮ የምትሆን ምልክት ናት። ከዚህች አንዲት ሕግ የካልኩለስ ደንቦች ሁሉ ይፈልቃሉ።

ለምሳሌ ያህል የሸ × ሸ + 2ሸን ዴሪቬቲቭ ሸ = 3 በሆነበት ሥፍራ እንፈልግ። በሸ ምትክ 3 + 1·ቅ እናስገባ። በራሱ ሲባዛ 9 + 6·ቅ ይሆናል፤ ቅ × ቅ ዜሮ ነውና። ሁለት እጥፉ 6 + 2·ቅ ነው። ድምሩ 15 + 8·ቅ። የፈንክሽኑ ዋጋ 15፣ ዴሪቬቲቩ 8 መሆኑን በክፍል ውስጥ በተማርነው መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። አንድም የፊደል ስሌት አልተሠራም፤ በጣም ትንሽ ልዩነት ወስዶ በማካፈል የሚመጣው ግምታዊነትም የለም። አር. ኢ. ዌንገርት እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህን አሠራር ለኮምፒውተር አመቻችቶ አቀረበው። ፊንላንዳዊው ሴፖ ሊናይንማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በማስተርስ ድግሪ ጽሑፉ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚያሰላውን መንገድ አሳየ፤ ዛሬ የነርቭ መረቦች የሚሠለጥኑበት ስልት በመሠረቱ ይኸው ነው።

የካልኩለስ መጽሐፍ የማይመልሰው ጥያቄ

እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ፓይተንና ጁሊያ ያሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች አንድ ባለሙያ የራሱን የቁጥር ዓይነት እንዲፈጥርና የመደመርን፣ የማባዛትንና የመሳሰሉትን ምልክቶች ትርጉም ለዚያ ዓይነት እንዲደነግግ ይፈቅዳሉ። በመሆኑም ጥንድ ቁጥርን አንድ ጊዜ ከደነገግን ለተራ ቁጥር የተጻፈ አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ እናስገባዋለን፤ ፕሮግራሙም ዴሪቬቲቭ እያሰላ መሆኑን ሳያውቅ ያሰላል። የዘዴው ውበት ይህ ነው። ችግሩም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

መደመርን መደንገግ ቀላል ነው። ማባዛት፣ ማካፈል፣ ሳይንና ኮሳይን፣ ሎጋሪዝም፤ ለእያንዳንዱ አንድና አንድ ትክክለኛ መልስ በካልኩለስ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ከዚያ የማነጻጸሪያው ተራ ይደርሳል። 3 + 1·ቅ እና 3 + 0·ቅ እኩል ናቸው? እዚህ ላይ መጽሐፉ ዝም ይላል። መልሱን የሚሰጠው የቁጥሩን ዓይነት የሚፈጥረው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሳያስብበት ይሰጠዋል።

ሳያስቡት የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «ዋጋቸውን ብቻ እናነጻጽር» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚቀርበው መከራከሪያ ክብደት የሌለው አይደለም። ፕሮግራሙ በተራ ቁጥር ሲሠራ የሚሄድበትን መንገድ በጥንድ ቁጥር ሲሠራም መከተል አለበት፤ ዴሪቬቲቭ ስለተጨመረ ብቻ «ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊወስደው አይገባም ይላል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ሴረስ ሶልቨር በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የቁጥር ዓይነት የሚያነጻጽረው በዚህ መንገድ ነው። ሌሎችም ብዙዎች ይህንኑ መርጠዋል።

ጸጥተኛው ዜሮ

አሁን አንድ ቆጣቢ ፕሮግራመር የማባዣ ንዑስ ፕሮግራም ሲጽፍ «አንዱ ተባዢ ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ ሳትደክም ዜሮ መልስ» የሚል አቋራጭ አስገባ እንበል። ለተራ ቁጥር ይህ ብልኅነት ነው። ነገር ግን 0 + 1·ቅ ከ5 ጋር ሲባዛ ትክክለኛው መልስ 0 + 5·ቅ ነው። ማነጻጸሪያው ዋጋን ብቻ ካየ 0 + 1·ቅ «ከዜሮ ጋር እኩል ነው» ይባልና አቋራጩ ባዶ ዜሮ ይመልሳል። ዋጋው ትክክል፣ ዴሪቬቲቩ ግን 5 መሆን ሲገባው 0።

ይህ የፈጠራ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስለን አንድ በእውነት የነበረ ጉዳይ እናንሣ። በጁሊያ ቋንቋ መደበኛ የሊኒየር አልጀብራ ላይብረሪ ውስጥ የማትሪክስ ዲተርሚናንት የሚያሰላው ፈንክሽን በመጀመሪያ ማትሪክሱ ሦስት ማዕዘናዊ መሆኑን፣ ማለትም ከዋናው ሰያፍ በታች ወይም በላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ዜሮ መሆናቸውን ይመረምራል። ከሆኑ በሰያፉ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ አባዝቶ ያቆማል፤ ለተራ ማትሪክስ ድንቅ አቋራጭ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ረድፍ 2 እና 3፣ በሁለተኛው ረድፍ 0 እና 5 ያሉበትን ማትሪክስ እንውሰድ። በግራ በታች ያለውን ዜሮ «መ» ብለን ብንሰይመው ዲተርሚናንቱ 2 × 5 − 3 × መ ነው። ስለዚህ በመ አንጻር ዴሪቬቲቩ −3 ነው። አቋራጩ ግን መ ዜሮ መሆኑን ብቻ አይቶ 2 × 5 ይልና መን ከናካቴው ይረሳዋል። ዴሪቬቲቩ 0 ሆኖ ይወጣል። ዲተርሚናንቱ 10 መሆኑ በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ ስለዚህ መልሱን ብቻ የሚመለከት ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ለዚሁ ቋንቋ የተዘጋጀው ፎርዋርድዲፍ የተሰኘው የጥንድ ቁጥር ላይብረሪ ለዓመታት ዋጋን ብቻ ሲያነጻጽር ቆይቶ ይህን በመሰሉ ስሕተቶች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ቁጥር 1.0 እትሙ የዴሪቬቲቩን ክፍል ጨምሮ ማነጻጸር ጀመረ። ለውጡ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። በአንድ ምልክት ትርጉም ላይ የቆሙ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸውና የምልክቱን ትርጉም መለወጥ ቤት ሳይፈርስ መሠረቱን እንደ መቀየር ነው።

ችግሩ በምሁራን ዘንድ አዲስ አይደለም። ቶማስ ቤክና ሄርበርት ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ «የከሆነ ችግር» ብለው ሰይመውት ነበር። ፍሬ ሐሳቡን በአጭሩ ለማሳየት «ሸ ከ1 ጋር እኩል ከሆነ 1 መልስ፤ ካልሆነ ሸ × ሸ መልስ» የሚል ፕሮግራም እንውሰድ። በሒሳብ ዓይን ይህ ፕሮግራም ያለ አንዳች ልዩነት የሸ ካሬ ነው፤ በ1 ላይ ያለው ዴሪቬቲቭም 2 ነው። ማሽኑ ግን የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ይዞ 0 ይላል። ሁለት ፕሮግራሞች በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ዓይነት ዋጋ እየሰጡ በዴሪቬቲቫቸው ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ጉዳቱ የት ድረስ ነው? በነርቭ መረብ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ እንዲማር የተተወ መለኪያ እናስብ። ብዙ መለኪያዎች ሥልጠናቸውን የሚጀምሩት ከዜሮ ነው። መረቡ መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው ዴሪቬቲቩን እያየ ነው። ዴሪቬቲቩ በሐሰት ዜሮ ከሆነ መለኪያው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ንቅንቅ ስለማይልም በሚቀጥለው ዙር ያው ዜሮ ሆኖ ይገኛል፤ ዳግመኛም ያው አቋራጭ ይይዘዋል። ሥልጠናው በሰላም ይጠናቀቃል፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የለም፤ መረቡ ግን ትንሽ ይደክማል። ለምን እንደ ደከመ የሚያውቅ የለም።

ላይብኒዝና ሙሉ እኩልነት

እንግዲያውስ ዋጋውም ዴሪቬቲቩም ካልተስማማ «እኩል» አንበል የሚለው መልስ ተፈጥሯዊ ሆኖ ይታያል። ለዚህ መልስ ጥንታዊ ጠበቃ አለው፤ እርሱም ከካልኩለስ አባቶች አንዱ የሆነው ላይብኒዝ ነው። ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1686 በጻፈው የሜታፊዚክስ ድርሳን ውስጥ በምንም ነገር የማይለያዩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በሒሳብ የምንጠቀምበት ደንብ ሀ እና ለ እኩል ከሆኑ በየትኛውም ስሌት ውስጥ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል የሚል ነው። ዋጋን ብቻ የሚያይ ማነጻጸሪያ ይህን ደንብ ይጥሳል፤ አቋራጩ 0 + 1·ቅን በ0 ተካ፤ መልሱም ተለወጠ።

ያሰሉትን ውጤት እያስቀመጡ ደግሞ ሲጠየቁ ከማኅደር የሚመልሱ ፕሮግራሞችም በዚሁ ይሰናከላሉ። ሸን ሦስት ጊዜ በራሱ የሚያባዛ ፈንክሽን 2 + 1·ቅን ተቀብሎ 8 + 12·ቅ መለሰና መልሱን በማኅደሩ አስቀመጠ እንበል። ቀጥሎ 2 + 5·ቅ ቢመጣለት ትክክለኛው መልስ 8 + 60·ቅ ነበር። ማነጻጸሪያው «ይህን እናውቀዋለን» ካለ ግን የትናንቱን 12 ያቀርባል።

ሙሉ እኩልነት እነዚህን ሁሉ ያድናል። ይሁንና የራሱ ዕዳ አለበት፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት ለአንባቢ አለማዘን ይሆናል። ሳይን ሸን ለሸ የሚያካፍለውን የታወቀ ፈንክሽን እንመልከት። ሸ ዜሮ ሲሆን ዜሮ ለዜሮ ስለሚሆን ፕሮግራመሮች «ሸ ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ 1 መልስ» ብለው ይጽፋሉ። አሁን 0 + 1·ቅን እናስገባ። በሙሉ እኩልነት ይህ ከዜሮ ጋር እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከአደጋው ወደሚጠብቀው ቅርንጫፍ ሳይገባ በቀጥታ ዜሮን ለዜሮ ወደ ማካፈል ይሄዳል። መልሱ «ቁጥር አይደለም» ይሆናል። ዋጋን ብቻ የሚያየው ማነጻጸሪያ በአንጻሩ 1 መልሶ ዴሪቬቲቩን 0 ይላል፤ በአጋጣሚም ትክክል ነው። ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ ስንጠይቅ ግን አጋጣሚው ያልቃል፤ −1/3 መሆን ሲገባው 0 ይላልና። (መድኃኒቱ በዜሮ አካባቢ 1 − ሸ × ሸ ÷ 6 በሚለው ተከታታይ መጠቀም ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ማነጻጸሪያዎች ይስማማሉ።)

የቅደም ተከተል ነገርም አለ። ከሁለት ቁጥሮች አንዱ ይበልጣል፣ ወይም ያንሳል፣ ወይም እኩል ይሆናል ብለን ተምረናል። «ይበልጣል» እና «ያንሳል» ዋጋን ብቻ እያዩ «እኩል ነው» ሁሉንም የሚያይ ከሆነ ግን 3 + 1·ቅ ከ3 አይበልጥም፣ አያንስም፣ እኩልም አይደለም። በሦስት «ከሆነ» የተዘጋ ፕሮግራም በሦስቱም በር ሳይገባ ሜዳ ላይ ይቀራል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም። «ቁጥር አይደለም» የሚለው መልስ የሚጮኽ ስሕተት ነው፤ ባለቤቱን ቀስቅሶ ምንጩን እንዲፈልግ ያስገድደዋል። በሐሰት የተቀመጠ ዜሮ ግን ትክክለኛ መልስ መስሎ በመልሶች መካከል ይቀመጣል። ከሁለት ክፉ አንዱን ምረጡ ብንባል የሚጮኸውን እንመርጣለን።

ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ስም

ግን መምረጥ ግድ ነው? አንድ ላይብረሪ ግድ አይደለም ሲል መልሷል። ብራድሊ ቤል ያዘጋጀው ሲፒፒ-ኤዲ የተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ስሌቶችን በቅደም ተከተል በቴፕ ላይ እንደሚቀዳ ድምፅ እየመዘገበ ዴሪቬቲቭን ከመዝገቡ ያወጣል። ተጠቃሚው የራሱን የቁጥር ዓይነት መሠረት አድርጎ ማምጣት ይችላል፤ ሲያመጣ ግን ማሟላት ያለበት የግዴታ ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ ለእኛ ትኩረት የሚስበው ስለ እኩልነት የተጻፈው ክፍል ነው። ተራው የእኩልነት ምልክት ዋጋን ያነጻጽራል። ከእርሱ ሌላ «በዋጋም በስሌት ቅደም ተከተልም አንድ ናቸው ወይ?» የሚል ለብቻው የተሰየመ ፈንክሽን መጻፍ አለበት። በተጨማሪም «ይህ ነገር መቼም መች ዜሮ ነው ወይ?»፣ «መቼም መች አንድ ነው ወይ?» የሚሉ ፈንክሽኖች ይጠየቃሉ።

«አሁን ዜሮ ነው» እና «መቼም መች ዜሮ ነው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የጽሑፋችን እምብርት ነው። የመጀመሪያው ስለ ሥፍራ ይናገራል፤ የድንጋዩ አጠገብ የቆመውም የሚያልፈውም መኪና ያሟላዋል። ሁለተኛው ስለ ማንነት ይናገራል፤ መንቀሳቀስ የማይችል፣ ቋሚ የሆነ ዜሮ ብቻ ያሟላዋል። ላይብረሪው በዜሮ የማባዛትን አቋራጭ አልተወውም፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። መልሱ አዎን ከሆነ ብዜቱን በመዝገቡ ላይ ሳያሰፍር ያልፈዋል፤ ጊዜም ቦታም ይቆጥባል።

ለተራ ቁጥር መሠረት ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ልዩነቱን አያስተውልም። ልዩነቱ አፍጥጦ የሚወጣው የዴሪቬቲቭ ዴሪቬቲቭ ሲፈለግና የቁጥሩ ዓይነት እንደ ሽንኩርት ሲደራረብ ነው። ሸን የውጭው ንብር ተለዋዋጭ፣ ለን ደግሞ የውስጠኛው ንብር ተለዋዋጭ እናድርግና ሸ × ለን እናስላ፤ ለ በዚያች ቅጽበት ዋጋው 0 ይሁን። የውጭው ንብር ለን የሚያየው እንደ ቋሚ ነው፤ «ይህ ቋሚ መቼም መች ዜሮ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛው መልስ «አይደለም፤ አሁን ዜሮ ላይ ቢገኝም በውስጠኛው ንብር ተለዋዋጭ ነው» የሚል ነው። ዋጋውን ብቻ ያየ ሰነፍ ፈንክሽን ግን «አዎን» ይላል። ብዜቱ ይጣላል፤ በሸ አንጻር ዴሪቬቲቩ ለ መሆን ሲገባው ቋሚ 0 ይሆናል። ከዚያ በለ አንጻር ዳግመኛ ስናሰላ 1 ማግኘት የሚገባን 0 እናገኛለን። ስለዚህ የእኩልነት ምርመራ የመጀመሪያውን ልጣጭ አይቶ መመለስ አይበቃውም፤ እስከ መጨረሻው ንብር መውረድ አለበት።

ቅንጣቶቹ ራሳቸው ሊምታቱ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም። ሲስኪንድና ፐርልሙተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት የአንዱ ንብር ቅንጣት ከሌላው ንብር ቅንጣት ካልተለየች ድርብርብ ዴሪቬቲቭ ሐሰተኛ መልስ ይሰጣል። እንግዲህ እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ መለያ ይኖራታል፤ ሁለት ጥንድ ቁጥሮችም አንድ ናቸው ለማለት ቁጥሮቻቸው ብቻ ሳይሆኑ መለያዎቻቸውም መስማማት አለባቸው።

በመዝገብ የሚሠራ ዘዴ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። «ከሆነ» የሚለው ምርመራ የሚሠራው መዝገቡ በሚቀዳበት ጊዜ ነው፤ በቴፑ ላይ የሚቀረው የተመረጠው ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያንኑ መዝገብ ኋላ በሌላ ዋጋ ብናስኬደው የቀድሞውን ቅርንጫፍ ይዞ ይቀጥላል። ለዚህም ሲፒፒ-ኤዲ መዝገቡ በአዲስ ዋጋ ሲሠራ ስንት የማነጻጸሪያ ውጤቶች እንደ ተለወጡ ቆጥሮ ይናገራል፤ ሁለቱንም ቅርንጫፎች በመዝገቡ ላይ አብሮ ማስፈር ለሚፈልግም ልዩ ፈንክሽን አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጎግል ተመራማሪዎች የወጣው ጃክስ ደግሞ ፕሮግራምን አስቀድሞ በሚያጠናቅርበት ጊዜ ገና ዋጋው ያልታወቀን ቁጥር «እኩል ነው ወይ?» ብሎ በዚያ መልስ ላይ ቅርንጫፍ ለመምረጥ የሚሞክርን ሁሉ በስሕተት መልእክት ያስቆመዋል። አለመመለስም አንድ መልስ ነው፤ ተማሪዎችን ቢያበሳጭም በሐሰት ከመመለስ ይሻላል ብለን እናምናለን።

የራሳችሁን ዓይነት ለምትሠሩ

ጥንድ ቁጥርን በራስ እጅ መጻፍ በማንኛውም ቋንቋ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሥራ ስለሆነ የካልኩለስና የፕሮግራም ትምህርት ለጀመረ ተማሪ ሁሉ እንዲሞክረው እንመክራለን። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ከተደነገጉ በኋላ ለእኩልነት ምልክቱ ምን ትርጉም እንደሚሰጠው በወረቀት ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። «በዋጋ እኩል» እና «ፈጽሞ አንድ» ለሚሉት ሁለት የተለያዩ ስሞች መስጠት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በኋላ ግን የብዙ ቀን ፍለጋ ያስቀራል።

ከዚያ በሰው የተሠራ ላይብረሪም ሆነ የራስ ሥራ በሚከተለው መንገድ ሊፈተን ይችላል። 2፣ 3፣ 0 እና 5 ያሉበትን ከላይ ያየነውን ማትሪክስ ወስዳችሁ በግራ በታች ባለው ዜሮ አንጻር የዲተርሚናንቱን ዴሪቬቲቭ ጠይቁ። ቀጥሎ ያንን ዜሮ በ0.001 ተክታችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ጊዜ −3 ካገኛችሁ ደኅና ነው። በሁለተኛው −3፣ በመጀመሪያው 0 ካገኛችሁ ግን በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የሚሮጠውን መኪና እንደ ቆመ የቆጠረ አንድ መስመር አለ፤ ፍለጋውንም ከእኩልነት ምልክቱ ድንጋጌ መጀመር ነው።